እትዬ የሺ የቀጠረችው ከረባት

እትዬ የሺ ማረፏን የሰማሁት ሪቨርዴል ፓርክ በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ጎማ መሸጫ ሱቅ ውስጥ የመኪናዬ ጎማ እስኪቀየር ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነው። የደወለችልኝ ድሮ አብራን ትሠራ የነበረች ሴት ናት። «የሺ እኮ አረፈች» አለችኝ። ድንገት ስለሆነብኝ ቶሎ አልገባኝም። «የትኛዋ የሺ?» አልኳት። «ያቺ አጭሯ! ዝምተኛዋ! ሻሽ የማይለያት!» እያለች ምልክት ትደረድርልኝ ጀመር። ስልኩን ይዤ ከሱቁ ወጣሁና የመኪና ማቆሚያው ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ደግሞ ተናደድኩ። እኔ ነገሬ እንዲህ ነው፤ ከእንባ ቀጥሎ ንዴት ይመጣብኛል። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ ኖሮ፣ ሲሞት መለያው ቁመቱና ሻሹ ብቻ ይሆናል?

እትዬ የሺ የደብረ ታቦር ልጅ ናት፤ አባቷ ቄስ ነበሩ። እውነት ነው አጭር ናት፤ እውነት ነው ሻሽ አይለያትም። ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። ስትናደድ ድምጿ ከፍ አይልም፣ እንዲያውም ይወርዳል፤ እኔ ስንት ቀን ጆሮዬን አስጠግቼ ተሰድቤያለሁ። በር ላይ ከተገናኛችሁ እናንተ ሳትቀድሙ አታልፍም። እንግሊዝኛዋ ሥራ የሚያሠራ እንግሊዝኛ ነው፤ የምትፈልገውን ትናገርበታለች፣ ለጌጥ የሚተርፍ ግን የላትም። ባሏ ልጃቸው ሜሮን ገና ሳትድህ ጥሏት ሌላ ስቴት ሄደ። ስለ እሱ ስትጠየቅ «ደህና ነው አሉ» ብላ ወሬ ትቀይራለች።

የተዋወቅነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎች መጀመሪያ ላይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ሁለታችንም ረዳት ነርስ ነበርን፤ እናጥባለን፣ እናለብሳለን፣ እናጎርሳለን። እዚያ ሚስስ ዶሮቲ የሚባሉ የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ አሮጊት ነበሩ። ከእጥበቱ ሲወጡ ሰውነታቸው ይዝላል፣ ፊታቸው ይነጣል፤ የሚመልሳቸው መኪና ግን በሰዓቱ አይመጣም። በዊልቸር ሆነው በር ላይ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን እትዬ የሺ አብራቸው እንድትሄድ ታዘዘች። ስትመለስ እኔ ፈረቃዬን ጨርሼ ኮቴን እየለበስኩ ነው።

«እኚህን ሴትዮ ከበሽታው ይልቅ መጠበቁ ነው የሚገድላቸው» አለችኝ። ከዚያም፣ «ሰው የሚጠብቅበት ቦታ ሁሉ ሥራ አለ» አለች።

እኔ እንደ ቀልድ ሰማኋት። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የትም ብንሄድ ዓይኗ የሚያርፈው የሚጠብቅ ሰው ላይ ሆነ። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ዱላ ይዞ የቆመ ሽማግሌ፣ ክሊኒክ በር ላይ ታክሲ የምትጣራ ነፍሰ ጡር፤ እያየች አንገቷን ትነቀንቃለች። በሁለት ሥራ ራሷን እየቀጣች ከርማ አንድ ቀን የዊልቸር ሊፍት ያለው አሮጌ ቫን ይዛ መጣች። ሊፍቱ ሲወጣና ሲወርድ እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል። የእኛ ሚሊኒየም የተከበረ ሰሞን ሌላ ቫን ጨመረችና እኔን ከመጦሪያው አስለቅቃ ስልክ ላይ አስቀመጠችኝ። ሹፌሮቹን በስልክ የማሰማራው እኔ ነኝ። ቢሮ የምንለው ሀያትስቪል ያለውን የአፓርታማዋን የምግብ ጠረጴዛ ነው። ሜሮን የቤት ሥራዋን በአንደኛው ጫፍ ትሠራለች፣ እኔ በሌላው ጫፍ ሹፌር አሰማራለሁ።

የእሷ አሠራር ከሌሎቹ ይለያል። ሌሎቹ ማመላለሻዎች የቆመ መኪና ኪሳራ ነው ብለው ስለሚያስቡ ታካሚው ይጠብቃቸዋል። እሷ ዘንድ መኪናው ነው ታካሚውን የሚጠብቀው። ሹፌሩ ታካሚው እጥበቱን ሳይጨርስ በር ላይ ደርሶ መቆም አለበት። ብርድ ልብስ በመኪናው ማሞቂያ ፊት ዘርግቶ ያሞቃል፣ ሰውየው ሲገባ ጉልበቱ ላይ ጣል ያደርግለታል። «ከእጥበት የወጣ ሰው እንደ አራስ ነው፣ ይበርደዋል» ትላለች። ይህን ያየ ታካሚ ወደ ሌላ ማመላለሻ አይሄድም፤ ጎረቤቱንም ይዞ ይመጣል።

አገሬው ግን ሊዋጥለት አልቻለም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆመን ሳለ አንድ ሸምገል ያለ ሰውዬ ምን እንደምትሠራ ጠየቃትና ነገረችው።

«የቄስ ልጅ አይደለሽ? ከንግድ ምን አገናኘሽ?» አላት።

«እንጀራ ነዋ፣ ጋሼ።»

«አይ፣ በእናትሽ ጉራጌ ትሆኛለሽ እንጂ ጎንደሬ እንዲህ አይነግድም።»

«በእናቴም የዚያው አገር ሰው ነኝ። ደግሞ ጋሼ፣ ጉራጌዎቹም ያገኙት በሥራ ነው እንጂ ከእናት ጡት ጠብተውት አይደለም» አለችው በዚያ በዝቅተኛ ድምጿ።

ሰውየው ሳቀ። ያለችውን አላመነም፤ ዘወር ብሎ ለሌላው ሲያወራ «የሆነ ወንድ ከኋላዋ አለ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ልመለስበት ስል ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ።

ፈረንጁም ቢሆን የተሻለ አልነበረም። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ብዙ ታካሚ ያለው አንድ የእጥበት ማዕከል ነበር፤ ከእሱ ጋር ኮንትራት ብትፈርም ሥራዋ እግር ይተክላል። ቀጠሮ ይዘን አብረን ሄድን። ለዚያ ቀን ብላ ጥቁር ቀሚስና ጃኬት ገዝታለች። ገና በሩን ስንገፋው እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየን «ጽዳቶች በኋላ በር ነው» አለችን። ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ነበር፤ ወንበር ሳበልን፣ ውኃ ሰጠን። እትዬ የሺ ስለ አሠራሯ ስታስረዳው ራሱን እየነቀነቀ ሰማና፣ «በጣም ጥሩ ነው። ባለቤቱ መቼ ይመቸዋል?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለችው።

ወይ አልሰማትም፣ ወይ ሰምቶ ሌላ ነገር ያለችው መስሎታል። «እሺ፣ እሱ ሲመቸው ደውሉልኝ» ብሎ ካርዱን ሰጠ። የሰጠው ደግሞ ለእኔ ነው፤ ዘለግ ስለምል ይሆናል።

በመልስ ጉዟችን ቫኑ ስለተንገጫገጨ የአበሻ ጋራዥ ገባን። ሜካኒኩ ሞተሩን ከፍቶ አየና ጨርቅ ላይ እጁን እየጠረገ፣ «እህት፣ ዋጋውን ከባልሽ ጋር ብንነጋገር ይሻላል፤ ደውይለት» አላት። እትዬ የሺ መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሳቋ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም፣ ደስም አላለኝ።

ጋሽ መኮንንን ያመጣቻቸው ከዚህ በኋላ ነው። ጋሽ መኮንን አገር ቤት የአንድ መሥሪያ ቤት መምሪያ ኃላፊ ነበሩ፤ ሃምሳን ካለፉ በኋላ ዲቪ ደርሷቸው መጡ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆነው ያችን ጠባብ የመስታወት ክፍል ይጠብቁ ነበር። እዚያ ውስጥም ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ነው የሚቀመጡት። ረጅም ናቸው፤ ጆሮ ግንዳቸው ላይ ሽበት ጣል አድርጎባቸዋል፤ ሲናገሩ በየቃሉ ያርፋሉ። መኪና ሊያቆም የሚገባው ፈረንጅ ሁሉ «ሰር» ይላቸዋል። እትዬ የሺ ይህን አይታለች።

«ቁመናቸው ብቻውን ኮንትራት ይፈርማል» አለችኝ።

«ምን ልታደርጊያቸው ነው?»

«ልቀጥራቸው ነዋ! ሰው የሚፈልገውን ፊት እንስጠውና እኛ ሥራችንን እንሥራ።»

ቀጠረቻቸው። ማዕረጋቸው ምን እንደሆነ እንኳ በደንብ አልተወሰነም ነበር። ወደ ማዕከሉ ስንመለስ ጋሽ መኮንን ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከፊት ገቡ። እንግዳ ተቀባይዋ ተነሳች። ስለ ዊልቸር ሊፍትም ሆነ ስለ ኩላሊት እጥበት የሚያውቁት ነገር የለም፤ እትዬ የሺ የነገረቻቸው «ዝም ብለው ራስዎን ይነቅንቁ» ብላ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ጥያቄውን ለእሳቸው ያቀርባል፣ መልሱን እሷ ከጎን ትሰጣለች፣ ሰውየው ደግሞ መልሱን ሰምቶ ለእሳቸው «ገባኝ፣ ሰር» ይላል። በመጨረሻ ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አውልቀው፣ ቀስ ብለው፣ «እኛ... ለሰው ልጅ... እንጨነቃለን» አሉ። በዚያው ቀን ሥራ አስኪያጁ በኮንትራቱ ተስማምቶ ጨበጠን።

ስንመለስ ቫኑ ውስጥ በሳቅ ሞትን። እሳቸውም ይስቁ ነበር። «የሺዬ፣ እኔ እኮ ዊልቸር ነክቼ አላውቅም!» ይላሉ። ያን ቀን ደስተኞች ነበርን፤ አልዋሽም።

ነገሩን ያበላሸው ግን የራሷ ጨዋነት ነው። ደመወዙን የምትከፍል እሷ፣ ሲገቡ ብድግ የምትል እሷ። ቦርሳቸውን ትቀበላቸዋለች፣ የመኪና በር ትከፍትላቸዋለች፣ እሳቸውን ከፊት አስቀምጣ ከኋላ ትገባለች። እሳቸው «አንቺ የሺ» ይሏታል፤ እሷ «አቤት ጋሼ» ትላለች። አዲስ የተቀጠረ ሹፌር ይህን ሲያይ ማን ጌታ፣ ማን ሎሌ እንደሆነ ለመገመት ማሰብ አያስፈልገውም።

«ለቀጠርሽው ሰው ትነሻለሽ እንዴ?» አልኳት አንድ ቀን።

«እና አባቴ የሚሆን ሰው ሲመጣ እግሬን አነባብሬ ልቀመጥ? ደመወዝ ስለከፈልኩ ዕድሜ ይቀራል?»

«አክብሪያቸው፣ ግን ሰው እየተሳሳተ ነው።»

«ይሳሳታ! ሥራው እስከሄደ ድረስ የሰው ስህተት ምን ያደርገኛል?»

እውነትም ሥራው ይሄድ ነበር። ቫኖቹ በዙ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ የሚመላለሱ ሆኑ። እውነተኛ ቢሮ ተከራየን። ቢሮው ውስጥ ትልቁ ጠረጴዛ የማን ሆነ? የጋሽ መኮንን። እንግዳ ሲመጣ ያምራል ተባለና እሷ እኔ ጎን፣ ስልኮቹ አጠገብ ተቀመጠች።

ከዚያ የኮሙኒቲው ሽልማት መጣ። ሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ አዳራሽ ውስጥ «ስኬታማ ነጋዴዎቻችን» ተብሎ እራት ተዘጋጀ፤ ጋሽ መኮንንም ከተሸላሚዎቹ አንዱ ሆኑ። መድረክ መሪው ሲያስተዋውቃቸው፣ «የነጋዴነት ተሰጥኦ ከፊታቸው ይነበባል» አለ። ይህን ሲል አላፈረም። ጋሽ መኮንን ማይኩን ያዙና በየቃሉ እያረፉ፣ «ከባዶ ተነስቼ... በአንዲት አሮጌ ቫን... ራዕይ ይዤ...» አሉ። እኔ መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ቀጠሉ። የእሷን ቫን፣ የእሷን ሊፍት፣ የእሷን ብርድ ልብስ አንድ በአንድ የራሳቸው አደረጉት። በመጨረሻ «ሠራተኞቼን ላመሰግን እወዳለሁ፤ በተለይ ወይዘሮ የሺ በጣም ትጉህ ናት» አሉና እጃቸውን ወደ እኛ ጠረጴዛ ዘረጉ። እትዬ የሺ ብድግ ብላ እጅ ነሳች። ሰዉ አጨበጨበ።

እስከዚህ «እሳቸው» እያልኩ መጥቻለሁ። ከዚህ በኋላ ይበቃል፤ መኮንን ነው የምለው።

«እንዴት ዝም ትያለሽ?» አልኳት ወደ መኪናው ስንሄድ።

«ምን ልበል? በሰው ፊት ‹ዋሹ› ብዬ ሽማግሌ ላዋርድ?»

«እሱ አንቺን አላዋረደም?»

መንገዱን ሁሉ ሬዲዮ እንኳ ሳንከፍት ሄድን።

መኮንን ከዚያ ሽልማት ወዲያ ሌላ ሰው ሆነ። ወይም እውነተኛው ሰው ያኔ ወጣ፤ እኔ አላውቅም። ቢሮ ሲገባ ሰላምታ በአገጩ ሆነ። ለእትዬ የሺ ሳይነግር የወንድሙን ልጅ ቀጠረ። ከሁሉ የከፋው ግን «መኪና ቆሞ አይዋል» የሚለው ትእዛዙ ነው። ሹፌሮቹ ታካሚ መጠበቅ ትተው በመሀል ሌላ ሰው እንዲያደርሱ አዘዘ። ነጋዴ መሆኑን ያረጋገጠው በዚህ ይመስለኛል፤ ነጋዴ ማለት የሚያጣድፍ ሰው ነው ብሎ ያምናል።

ሚስተር ሃሮልድ የሚባሉ ሁለት እግራቸው የተቆረጠ ሽማግሌ ነበሩን፤ የአሌክሳንድሪያው ማዕከል ታካሚ ናቸው። አንድ የክረምት ቀን ደወሉልኝና፣ «ልጄ፣ የረሳችሁኝ ይመስለኛል» አሉኝ። ማዕከሉ ተዘግቶ፣ እሳቸው ውጭ ቀዝቃዛ ነፋስ እየመታቸው ነው። ሹፌሩ ጋ ስደውል «ጋሼ ሌላ ሰው እንዳደርስ አዘውኛል፤ እየሄድኩ ነው» አለኝ። እትዬ የሺ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችና፣ «ተመለስና አንሳቸው» አለችው።

«ጋሼን ልጠይቅ» አላት ሹፌሩ።

ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ከዚያ ኮቷን ለብሳ በራሷ መኪና ልታነሳቸው ሄደች። ሚስተር ሃሮልድ ብርዱ ሳንባቸው ገብቶ ሆስፒታል ተኙ። ከሆስፒታል ጠይቃቸው ስትመለስ፣ «የጀመርኩት ይህን እንዳላይ ነበር» አለችኝ። «ለሜሮን የምተወው ነገር ይህ ከሆነ ባይኖር ይሻላል» አለች። በማግስቱ ወደ ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ አብረን እንድንሄድ ጠየቀችኝ። ኮንትራቱ የሚታደስበት ጊዜ ደርሶ ነበር፤ ከመፈረሙ በፊት እውነቱን ልትነግረው ቆርጣለች።

ፈቃዱን፣ ኢንሹራንሱን፣ የድርጅቱን ምዝገባ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። ሁሉም በስሟ ነው። «የዚህ ድርጅት ባለቤት እኔ ነኝ። ሚስተር መኮንን እኔ የቀጠርኩት ሰው ነው። በሚስተር ሃሮልድ ላይ የደረሰው እንዲደገም አልፈልግም» አለችው። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ድምጿ ከፍ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰውየው ወረቀቶቹን አገላበጠ። ፈገግ አለ፣ ያ የጨዋ ፈገግታው። «አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። በሴት ስም ሲመዘገብ ለመንግሥት ጨረታ ይረዳል። እኔ አልፈርድም» አላት።

ከዚያ እኛው ፊት መኮንን ጋ ደውሎ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው። ሠራተኛህ እዚህ መጥታለች፣ ባለቤት ነኝ እያለች ነው፣ ምን እየተካሄደ ነው ብሎ ጠየቀው። መኮንን እስኪመልስ ድረስ እኔ አንድ ተስፋ ነበረችኝ፤ የክርስቲያን ልጅ ነው፣ እንጀራዋን በልቷል፣ አይክዳትም ብዬ።

«ሚስስ የሺ... የቆየች... ታማኝ ሠራተኛዬ ናት» አለ መኮንን። «ሰሞኑን ጭንቀት በዝቶባታል። እባክህ... በደግነት አስተናግዳት።»

እኔ ተነስቼ ስልኩ ላይ በአማርኛ ጮህኩ። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። የጎን በር ተከፍቶ ሁለት ሰዎች አንገታቸውን አስገቡ፤ ሥራ አስኪያጁም እጁን አንስቶ «እባካችሁ» ይላል። እትዬ የሺ ወረቀቶቿን አንድ በአንድ ሰበሰበች፣ ጠርዛቸውን አስተካከለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «አመሰግናለሁ» ብላ ወጣች።

መኪናው ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ መሪውን ይዛ ቁጭ አለች።

«መውሰዱ አይደለም የሚቆጨኝ» አለች። «እኔው ራሴ እጁን ይዤ ወንበሩ ላይ ማስቀመጤ ነው። ያንን ፊት እንዲያምኑ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።»

መኮንን ወር እንኳ አልቆየም፤ የራሱን ድርጅት ከፈተ። ኮንትራቱ ተከተለው፣ ሹፌሮቹ ተከተሉት። አንዳቸው እንኳ የከዱ አልመሰላቸውም፤ ጌታቸው ቢሮ የቀየሩ ነው የመሰላቸው። ልከሰው ብላ ጠበቃ አማከረች፤ ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው ሄዱ እንጂ የሰረቀሽ ንብረት የለም አላት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። እሷ እኮ መጠርጠር ኃጢአት ነው ተብላ ያደገች ናት።

መኮንንስ? ሥራውን መቼ አውቆት! ዓመት ሳይሞላው ታካሚው በየበሩ ቀረ፤ አቤቱታ በዛ፤ ማዕከሉ ኮንትራቱን ነጠቀው፤ ቫኖቹን ለመግዣ ያበደረው ባንክ ወሰዳቸው። እዚህ ላይ ሰው ምን አለ መሰላችሁ? «ኢኮኖሚው እኮ ነው፣ ስንቱን ትልቅ ነጋዴ ጣለው» አለ። «ያቺ ሴትዮ ስትለያቸው ያልሆነ ነገር አድርጋባቸዋለች» ያለም አለ። ስለ እሷ ደግሞ፣ ሥራ ያጡትን ቫኖቿን ሸጣ በአንድ ቫን መቅረቷን ያየ ሁሉ፣ «ድሮስ እሳቸው ከሌሉበት ምን ልትሆን ኖሯል?» አለ። እሱ ሲወድቅ የጣለው ነገር አይጠፋም፤ እሷ ስታንስ ግን ድሮም ልኳ ነው። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አብረውን የሚያስቀድሱ፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክሉ፣ የተራበ የሚያበሉ ሰዎች ናቸው። ለዚህ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ።

የቀሩላት ታካሚዎቿ ነበሩ። ሚስተር ሃሮልድ ከሆስፒታል ሲወጡ የመኮንን አዲስ ድርጅት ደውሎላቸው ነበር። «እኔን የምትወስደኝ የድርጅቱ ባለቤት ናት» ብለው ስልኩን ዘጉበት። እሳቸውና ጥቂት መሰሎቻቸው፣ ብርድ ልብሱን ማን እንደሚያሞቀው የሚያውቁት፣ እስከ መጨረሻው ከእሷ ጋር ቀሩ። ሁለት ሠራተኛ የሚያኖር ገቢ ስላልነበራት እኔን በሰው በሰው ብላ ሌላ ሥራ አስገባችኝ። ራሷ እየነዳች፣ ራሷ ስልክ እያነሳች ሜሮንን ኮሌጅ አስተማረች። አንዳንዴ ሲልቨር ስፕሪንግ መብራት ላይ አያታለሁ፤ ከመሪው በላይ ሻሿ ብቻ ነው የሚታየው። ጥሩምባ አሰማታለሁ፣ እጇን ታነሳለች። በኋላ ጉበቷን ታመመች። እሷን ወደ ሕክምና የሚያመላልሳት ሰው አስቸግሮ እንደነበረ የሰማሁት ከሞተች በኋላ ነው፤ ብትነግረኝ ሥራዬን ጥዬ በመጣሁ። አልነገረችኝም፣ እኔን ላለማስቸገር።

በፍትሐቷ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። መኮንን ከፊት መደዳ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል፤ ወንዶቹ እየመጡ «እግዚአብሔር ያጽናዎት ጋሼ፣ የቆየች ሠራተኛዎ ነበረች» እያሉ ይጨብጡታል። እሱም ራሱን እየነቀነቀ ይቀበላል። እኔ ጥርሴን ነክሼ የሕይወት ታሪኳ እስኪነበብ ጠበቅሁ። የሰው ልጅ በዚያች ሰዓት እንኳ እውነቱ ይነገርለታል፣ በሬሳ ላይ አይዋሽም ብዬ።

የደብሩ ጸሐፊ ወረቀቱን ዘርግቶ አነበበ። ደብረ ታቦር ከአባቷ ከቄስ እንዲህና ከእናቷ ከወይዘሮ እንዲህ ተወለደች፤ ወደ አሜሪካ መጣች፤ በመጦሪያ ቤት ሠራች። «ከዚያም በታካሚዎች ማመላለሻ ድርጅት ውስጥ ለረጅም ዓመታት በሹፌርነት በቅንነትና በታማኝነት አገልግላለች።» ይኸው ነው። ወደ እናትነቷና ወደ እንግዳ ተቀባይነቷ አለፈ።

ከቀብር መልስ አዳራሹ ውስጥ ሜሮንን ፈልጌ አገኘኋት። ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ቁመቷ የእናቷ ነው። ለቅሶ ላይ እንዲህ አይደረግም፣ አውቃለሁ፣ ግን አልቻልኩም። ክንዷን ይዤ ወደ ጥግ ወሰድኳት።

«ማነው ያንን የጻፈው? መኮንን ነው አይደል?»

«ኖ አንቲ፣ እኔ ነኝ።»

«አንቺ? ሜሮን፣ ድርጅቱ እኮ የእናትሽ ነበር! አንድም ቀን አልነገረችሽም?»

«አይ ኖው። አውቃለሁ አንቲ። ሁሉንም አውቃለሁ፤ ታክሷን እኔ ነበርኩ የምሠራላት።» እንባዋ መውረድ ጀመረ። «መጀመሪያ ኦነር፣ ባለቤት ብዬ ነው የጻፍኩት። ሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና አነበብኩላት። አጥፊው አለችኝ።»

«ለምን?»

«‹ሰዉ እርስ በርሱ ይተያያል› አለችኝ። ‹እናቷ ሞታባት እንኳ ትዋሻለች ይሉሻል፣ እኔ የለሁም፣ ማን ይመሰክርልሻል?› አለችኝ። እኔ አልቅሼ እምቢ አልኳት፣ አይ ፎት ሄር። እጄን ያዘችና...» ሜሮን አፏን በመዳፏ ያዘች። «‹ሹፌር ብለሽ ጻፊ ልጄ፤ እሱን ሁሉም ያምናል› አለችኝ።»